ከባጋስ ሙቀትም ኤሌክትሪክም፦ የጥምር ማመንጫ ቅልጥፍና ከየት ይገኛል?



በወላይታ ሶዶ ስለ ኤሌክትሪክ ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበው የኦሞ ወንዝ ነው። 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጊቤ 3 በወላይታና በዳውሮ መካከል ይገኛል፤ ወደ ኬንያ የሚዘልቀው የ500 ኪሎ ቮልት መስመርም የሚነሣው ከሶዶ ነው። ይሁን እንጂ የወንዞቻችን ፍሰት በበጋ ይቀንሳል። በአንጻሩ የስኳር ፋብሪካዎቻችን አገዳ የሚፈጩት በአብዛኛው በዚሁ ወቅት ነው። ስለዚህ በኦሞ ኩራዝ፣ በወንጂ፣ በመተሐራና በፊንጫ ከሚነደው የአገዳ ተረፈ ምርት፣ ማለትም ከባጋስ፣ የበለጠ ኃይል ማግኘት ይቻላልን? የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው።

ኤሌክትሪክ ብቻ በሚያመነጭ የእንፋሎት ጣቢያ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠው የነዳጁ ኃይል አብዛኛውን ጊዜ ከሢሶ ብዙም አይዘልም፤ ከቀረው አብዛኛው በማቀዝቀዣው በኩል ይባክናል። በጥምር ማመንጫ ግን ተርባይኑን አሽከርክሮ የወጣው እንፋሎት የአገዳውን ጭማቂ ያፈላል። በ2 ባር ግፊት ላይ ያለ አንድ ኪሎ ግራም እንፋሎት ወደ ውኃ ሲመለስ 2,200 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይለቃል። አንዱ ጣቢያ የሚጥለው ለሌላው ዋና ግብአት ነው ማለት ነው።

ይህን ቅልጥፍና ለማሻሻል ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛው የቦይለሩን ግፊት ማሳደግ ነው። ግፊቱ ከ20 ባር ወደ 60 ባርና ከዚያ በላይ ሲያድግ፣ ያው እንፋሎት ወደ ፋብሪካው ከመድረሱ በፊት የበለጠ ሥራ ይሠራል።

ሁለተኛው የፋብሪካውን የእንፋሎት ፍጆታ መቀነስ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ተርባይኑ እንፋሎቱን በሙሉ ወደ ፋብሪካው የሚልክ ዓይነት ከሆነ፣ ፍጆታው ሲቀንስ የሚመነጨው ኤሌክትሪክም አብሮ ይቀንሳል። ቁጠባው ኤሌክትሪክ የሚሆነው ትርፉን እንፋሎት እስከ ኮንደንሰር የሚያዘልቅ ተርባይን ካለ፣ ወይም የተረፈው ባጋስ ተከማችቶ በኋላ ከነደደ ብቻ ነው።

ሦስተኛው በጭስ ሙቀት ባጋሱን ማድረቅ ነው። እርጥበቱ ከ50 ወደ 40 በመቶ ሲወርድ የአንድ ኪሎ ግራም የሙቀት መጠን ከ7.5 ወደ 9.5 ሜጋ ጁል ገደማ ያድጋል። ቁጥሩ አያታልለን፤ ውኃው ሲወጣ የባጋሱም ክብደት ቀንሷል። ከመጀመሪያው ክብደት አንጻር ሲሰላ እውነተኛው ትርፍ 5 በመቶ ያህል ነው። ይህም ቢሆን ወደ ሰማይ ይባክን ከነበረ ሙቀት የተገኘ ነውና አይናቅም።

እንግዲህ ቦይለር፣ ተርባይንና ማፍያ በየብቻቸው ሊመዘኑ አይገባም። ወደ ፋብሪካ ስትሄዱ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ይሁን፦ ከአንድ ቶን አገዳ ወደ መረቡ የሚገባው ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ነው?