በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ ልክ ይፈልጋል

ከወገራ እስከ ደባርቅ፣ ከዳባት እስከ ጃናሞራ ባለው ደጋ፣ ጠመንጃ የአባት ቅርስ ሆኖ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ኖሯል። ከእነዚህ ቅርሶች መካከል ዕድሜው እጅግ የገፋው፣ ባሩዱና አረሩ በአፉ በኩል እየተጠቀጠቀ የሚተኮሰው ጠመንጃ ነው። ስለዚህ መሣሪያ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ባሩድ በበዛለት ቁጥር አብዝቶ ይርቃል፣ አብዝቶም ይመታል የሚለው ግምት ነው። ግምቱ ስሕተት ከመሆኑም በላይ ጣትና ዓይን የሚያጠፋ፣ ነፍስም የሚያሳልፍ ነው። የገበሬ ማኅበር መሪዎች ነገሩን ከነምክንያቱ ቢያውቁት፣ በየቀበሌያቸው ለማስረዳትም ሆነ አደጋን ለመከላከል ይረዳቸዋል።

አሠራሩ

ጠመንጃው ሦስት ነገር ይጎርሳል፤ በመጀመሪያ ባሩድ፣ ቀጥሎ ውታፍ፣ ከዚያም አረር። ባሩዱ በተለኮሰ ጊዜ ወደ ጢስና ወደ ትኩስ አየር ይለወጣል። ይህ አየር መውጫ ሲፈልግ አረሩን ገፍቶ በአፉ በኩል ያስወጣዋል። የውታፉ ሥራ አየሩ በአረሩ ዳር ሾልኮ እንዳይባክን ማገድ ነው። ውታፉ ከላላ ግማሹ ኃይል ከንቱ ይቀራል።

የዚህ ጠመንጃ ቱቦ ውስጡ ልሙጥ ነው። ኋላ የመጡት እነ ሰናድርና ውጅግራ ግን በቱቧቸው ውስጥ ጥምዝ ቦይ ስላላቸው ጥይቱ እየሾረ ይወጣል፤ የሚሾር ጥይትም አቅጣጫውን አይስትም። ከልሙጥ ቱቦ የሚወጣ ድቡልቡል አረር ግን ከቱቦው ግድግዳ ጋር እየተጋጨ ስለሚወጣ፣ ከሃምሳና ከስድሳ ሜትር ወዲያ ወዴት እንደሚሄድ በእርግጥ መናገር አይቻልም። ይህን ጉድለት የባሩድ ብዛት አያቃናውም።

በጎንደር ቤተ መንግሥት የታየ ሙከራ

ስለ መሣሪያው አጎራረስ በጎንደር ከተማ የተደረገ አንድ ሙከራ በታሪክ ተመዝግቧል። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው የስኮትላንድ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ፣ ከአንድ መኳንንት ጋር በተኩስ ነገር ተከራክሮ፣ «ያንተ ጠመንጃ በብረት አረር ከሚሠራው ይልቅ የእኔ በሻማ ቁራጭ የሚሠራው ይበልጣል» እስከ ማለት ደረሰ። ነገሩ ከዳግማዊ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ጆሮ በገባ ጊዜ፣ ንጉሡ በዓይናቸው ለማየት ፈለጉ። ብሩስ ከሃያ ዓመት በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ተረከው፣ ሦስት ጋሻ ተደርቦ ቆመ፤ በጠመንጃው ውስጥም በአረር ፈንታ ግማሽ የሞራ ሻማ ተጎርሶ ተተኮሰ። ሻማው ሦስቱን ጋሻ በስቶ ከኋላ ካለው ግንብ ጋር ተላትሞ ተበታተነ። ቀሪው ግማሽ ደግሞ የሾላ ገበታ በሳ። የተመለከቱት ሁሉ በአድናቆት ተዋጡ፤ አስማት ነው ያለም አልጠፋ።

ነገሩ ግን አስማት አልነበረም። ለስላሳው ሻማ ጋሻውን የበሳው በፍጥነቱ ነው። ቀላል ነገር ባሩድ ሲገፋው በብርቱ ፍጥነት ይወጣል፤ ቅርብ ያለውንም ይበሳል። ሆኖም ቀላል በመሆኑ አየሩ ቶሎ ያደክመዋል። ያው ሻማ ከሩቅ ቢተኮስ ኖሮ ጋሻውን ላይበሳው ይችል ነበር። ከብዛት ይልቅ የክብደትና የፍጥነት መመጣጠን እንደሚበልጥ ከዚህ ሙከራ መረዳት ይቻላል።

በዚያ ዘመን እርሳስ እንደ ልብ አይገኝም ነበርና ብዙዎች ከብረት የተቀጠቀጠ አረር ይጠቀሙ ነበር። እርሳስ ከብረት በአንድ ተኩል እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ፍጥነቱን ይዞ ይርቃል። ለስላሳም በመሆኑ ቱቦውን አይቧጥጥም። ብረት ግን ቀላልና ደረቅ ነው፤ ሲወጣ ቱቦውን ይፍቃል፣ መሀል ላይም ሊቀረቀር ይችላል። ጠጠርና የሚስማር ስብርባሪ ማጉረስ ከዚህም የከፋ ነው።

ልክ እንዴት ይገኛል

ሁለት ጠመንጃዎች አንድ ዓይነት ቢመስሉም አንድ ዓይነት ልክ የላቸውም። የቱቦው ስፋት፣ ርዝመትና ውፍረት ልዩነት ያመጣል። ስለሆነም ልክ የሚገኘው በትዕግሥትና በሙከራ ነው። በሌሎች አገሮች እንዲህ ያለውን አሮጌ መሣሪያ በፈቃድ ለስፖርት የሚተኩሱ ሰዎች የሚከተሉት ሥርዓት እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ መሣሪያውን አንድ ባለሙያ ጠመንጃ ሠሪ ይመረምረዋል። ቱቦው የተሰነጠቀ፣ ዝገት የበላው፣ ወይም በቤት የተበየደ ከሆነ ልክ አይፈለግለትም፤ እንዲህ ላለው ጠመንጃ የሚስማማ ልክ የለምና።

ሁለተኛ፣ ባሩዱ በዓይን ግምት ወይም በእፍኝ አይሰፈርም። ሁልጊዜ አንድ መስፈሪያ ይያዛል። ባሩድ ከቀንዱ በቀጥታ ወደ ጠመንጃው አይፈስስም፤ ካለፈው ተኩስ የቀረ ፍም በቱቦው ውስጥ ካለ፣ እሳቱ በእጅ እስከ ተያዘው ቀንድ ድረስ ይመጣል። መስፈሪያ የሚያስፈልገው ለልክ ብቻ ሳይሆን ለእጅም ነው።

ሦስተኛ፣ ከትንሹ መጠን ይጀመራል። በዚያው መጠን ከቅርብ ርቀት አራት አምስት ጊዜ ይተኮስና በዒላማው ላይ ያረፈበት ይታያል። ከዚያ በጥቂቱ ይጨመራል። በአንድ ጊዜ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባሩዱ ሲለወጥ ውታፉና አረሩ እንደ ነበሩ ይቆያሉ። ሁሉንም ባንድ ላይ የለወጠ ሰው ምን እንደ ጠቀመው ወይም እንደ ጎዳው አያውቅም። አንድ ደረጃ ላይ ሲደረስ አረሮቹ በአንድ ሥፍራ ተሰብስበው ያርፋሉ፤ ልኩ እርሱ ነው። ከዚያ በላይ ሲጨመር መበታተን ይጀምራሉ፣ የትከሻውም ምት ይበረታል።

ድቡልቡሉ አረር ከቱቦው ጥቂት ጠበብ ብሎ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቢገባ የተሻለ ይሄዳል። በአረር ፈንታ ጥቃቅን የእርሳስ ፍሬዎች የሚጎርሱ ከሆነም፣ የቆየው ደንብ በባሩዱ መስፈሪያ የፍሬውንም ልክ መስፈር ነው። ባሩዱ በዝቶ ፍሬው ካነሰ ፍሬዎቹ ይበታተናሉ፤ መካከሉም ባዶ ይቀራል።

አደጋው የሚመጣበት መንገድ

በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ በሦስት ምክንያት ይፈነዳል። አንደኛው ከልክ በላይ መጉረስ ነው። አንድ ጊዜ የጎረሰውን ረስቶ እንደገና ማጉረስም ከዚሁ ይቆጠራል። ሁለተኛው አረሩ ከባሩዱ ጋር ሳይገናኝ መሀል ላይ መቅረቱ ነው። በመካከል ክፍት ቦታ ካለ፣ አየሩ ያን የተቀረቀረ አረር እንደ ግድግዳ ስለሚገጥመው ቱቦውን ይቀዳል። ሦስተኛውና ክፉው፣ የዘመኑን ጥይት ሰብሮ ጢስ የሌለውን ባሩድ ማጉረስ ነው። ይህ ባሩድ ከጥቁሩ ባሩድ እጅግ የበረታ ስለሆነ፣ በጥቁሩ መስፈሪያ ተሰፍሮ ቢገባ ቱቦውን በተኳሹ ፊት ላይ ይበትነዋል።

ከልክ በላይ የመጉረስ መዘዝ ከሰው ጠመንጃ አልፎ በመድፍ ላይም ደርሷል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ሥር በእሮጌ በተደረገው ውጊያ፣ ከዐፄ ቴዎድሮስ ታላላቅ መድፎች አንዱ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። በዚያው ዕለት የዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዘው፣ ከኋላው የሚጎርሰውን ሰናድር ከታጠቀው የእንግሊዝ ጦር ጋር ገጠሙ። በአፉ የሚጎርሰው በደቂቃ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሲተኮስ፣ ሰናድር እስከ አሥር ጊዜ ይተኮስ ነበር። ጀግንነት አልጎደለም፤ መሣሪያው ግን ከዚያ በላይ አይችልም ነበር።

ከመሪዎች የሚጠበቅ

ዛሬ ይህ ጠመንጃ ከሥራ ይልቅ ቅርስ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን ስለሚከለክል፣ ባለቤቱ ቅርስ ነው ብሎ ዝም እንዳይል ማስረዳት ያስፈልጋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን በምሰሶ ላይ የተሰቀለው ጠመንጃ አለመጉረሱ ይረጋገጥ። ጥቁር ባሩድ ካልረጠበ ለብዙ አሥርት ዓመታት ኃይሉን ሳያጣ ይቆያል። አያት ያጎረሰው በልጅ ልጅ እጅ ሊተኮስ ይችላል። መመርመሪያው ቀላል ነው፤ ቀጭን የእንጨት ዘንግ በአፉ በኩል እስኪቆም ድረስ ይገባል፣ ከአፉ ትይዩ ምልክት ይደረግበታል። ከዚያ ዘንጉ ወጥቶ በውጭ በኩል ከቱቦው ጎን ይለካል። ጫፉ እሳት መግቢያው ቀዳዳ ዘንድ ከደረሰ ጠመንጃው ባዶ ነው። ካጠረ ግን አንድ ነገር ጎርሷል። ይህ ሲደረግ ማንም ሰው ከአፉ ፊት አይቆምም፤ እሳትና ሲጋራም አይቀርብም። የጎረሰ ሆኖ ከተገኘ በቀዳዳውና በአፉ ውኃ ተጨምሮ ባሩዱ ይረጥባል፤ በብረት አይጎረጎርም። ማውጣቱ ለባለሙያ ወይም ለፖሊስ ይተዋል።

ሌላው የሰብል ጥበቃ ጉዳይ ነው። ጭላዳና ዝንጀሮ ገብስ ሲያጠፋ ገበሬው ቢቆጣ አያስደንቅም። ነገር ግን በ1962 ዓ.ም. በሕግ በተከለለው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋልያም ሆነ ጭላዳ መግደል ወንጀል ነው። ከልሙጥ ቱቦ የወጣ አረርም ጭላዳውን ስቶ ከማዶ ያለ እረኛ ሊያገኝ ይችላል። ማማ፣ ወንጭፍ፣ ጅራፍና በተራ መጠበቅ ዛሬም ዋጋ አላቸው። ጎረቤታሞች በአንድ ሸንተረር የሚገኘውን ማሳ ተባብረው በተራ ቢጠብቁት የአንዱ ቤተሰብ ልጅ ብቻውን ቀኑን ሙሉ አይውልም፣ ከትምህርቱም አይቀርም።

በሚቀጥለው የማኅበር ስብሰባ ላይ የዘንጉ ምርመራ አንድ አጀንዳ ሆኖ ቢቀርብ፣ በየቤቱ የተሰቀለው ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊታይ ይችላል። ወጪው አንድ ቀጭን ዘንግ ነው።