ቦሎው ስለ ቤቷ አይመሰክርም

እ.ኤ.አ. በ1931 በደቡብ ጀርመን፣ ኢስኒ በተባለች ከተማ፣ አሪስት ዴትሌፍስ የሚባል የጅራፍ አምራች ነበር። ጅራፍ ቤት ተቀምጦ አይሸጥም። ይዞት ከከተማ ከተማ መዞር ግድ ነው፤ አንዴ ከወጣም ሳምንታት ይቆያል። ሠዓሊዋ እጮኛው ፍሪደል ኤደልማን ይህን መለያየት አልወደደችውም፤ አብራው ልትዞር፣ ሥዕሏንም በየደረሱበት ልትሠራ ፈለገች። እሱም ከመኪናው ኋላ የሚጎተት፣ መኝታ ያለው ትንሽ ቤት ሠራ። ስሙንም «ቮንአውቶ» አለው፤ የመኖሪያ መኪና ማለት ነው።

ሞተርሆም የዚያች ተጎታች ቤት ዘመድ ናት። ልዩነታቸው የዚህችኛዋ ቤትና ሞተር በአንድ ሻንሲ ላይ መጋባታቸው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሻንሲውና ሞተሩ ከአንድ ፋብሪካ፣ ቤቱ ከሌላ ፋብሪካ ይመጣል። አውሮፓ ውስጥ ከሚታዩት በጣም ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በሚመረተው ፊያት ዱካቶ ላይ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ያገለገለች ሞተርሆም የሚገዛ ሰው በአንድ ዋጋ ሁለት ዕቃ ይገዛል፦ መኪናና ቤት። መኪናውን የሚያውቅ መካኒክ የትም ይገኛል። ገዢን የሚያከስረው ቤቱ ነው።

መልኳ አራት ዓይነት ነው። አንደኛዋ ውስጧ ወደ ቤት የተለወጠ የዕቃ ቫን ናት፤ ጠባብ ብትሆንም ላሜራዋ አንድ ወጥ ስለሆነ መገጣጠሚያዋ ጥቂት ነው፣ የከተማ መንገድም አያስቸግራትም። ሁለተኛዋ ጋቢናዋ እንዳለ ቀርቶ ከኋላ ቤት የተቀጠለላት ናት። ሦስተኛዋ ከጋቢናው በላይ እንደ ቆጥ ያለ መኝታ አላት፤ ልጆች የሚሻሙት እሱን ነው። አራተኛዋ ጋቢናዋ ሳይቀር በቤቱ ፋብሪካ የተሠራ፣ አውቶቡስ የምትመስል ናት፤ ሰፊም ውድም እሷ ናት።

የአውሮፓ ትልቁ የሞተርሆም ገበያ ጀርመን ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ገዢም ብዙ ምርጫ የሚያገኘው እዚያ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሁሉም ሰው መንገድ ስለሚያምረው ዋጋ ይወጣል። ብርዱ ሲቃረብ ግን ወራት ሙሉ አቁሞ ከመጠበቅ መሸጥ የሚመርጥ ይበዛል። ከማን እንደሚገዙም ለውጥ አለው። ከነጋዴ ለራሱ መገልገያ የገዛ ሰው ቢያንስ የ1 ዓመት የሕግ ዋስትና አለው፤ ነጋዴው በውል ሊያስቀረው አይችልም። ከግለሰብ ሲገዙ ግን ውሉ ላይ ሻጩ ለጉድለት ተጠያቂ እንዳልሆነ የምትገልጽ ሐረግ ትጠብቃለች። ከተፈረመባት በኋላ፣ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ መደበቁ ካልተረጋገጠ በቀር፣ ክርክሩ ከባድ ነው።

ጀርመኖች በተለምዶ «ቲዩፍ» የሚሉት ምርመራ የእኛ ቦሎ አቻ ነው። እስከ 3.5 ቶን ለሆነች ያገለገለች ሞተርሆም በየ2 ዓመቱ ይደረጋል፤ ማለፏን የምታሳየው ክብ ምልክት ከኋላው ታርጋ ላይ ትለጠፋለች። ፍሬኑ፣ መሪው፣ መብራቱ፣ ጭሱ፣ የሻንሲው ዝገት ሁሉ ይታያል። ገዢው በዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጨምር። የሞተሩ ቺንጋ መቼ እንደተቀየረ ደረሰኝ ይጠይቅ። የጎማውን ዕድሜም ጎኑ ላይ ከታተሙት አራት አኃዞች ያንብብ፤ 2319 ቢል እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ሞተርሆም ከምትሄድበት የምትቆምበት ጊዜ ስለሚበልጥ ጥርሱ ያላለቀ ጎማ በእርጅና ሊሰነጠቅ ይችላል።

ስለ ጣሪያውና ግድግዳው ግን ቦሎው ምንም አይልም። ግድግዳው ብዙ ጊዜ ከውጭ ቀጭን አሉሚኒየም ወይም ፋይበር ግላስ፣ ከውስጥ ኮምፔንሳቶ ነው፤ መካከሉ ላይ የእንጨት ማገርና ስታይሮፎም አለ። መስኮቱ፣ የጣሪያው ክፍት፣ ማዕዘኖቹ በሙሉ በማሸጊያ የተያዙ ናቸው። መኪናዋ በተንገጫገጨች፣ ፀሐይና ብርድ በተፈራረቁባት ቁጥር ማሸጊያው እየደረቀ ይሰነጠቃል፤ ዝናቡም በዚያች ስንጥቅ ሰርጎ ማገሩን ያገኘዋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ቀለሟ የሚያበራ፣ መጋረጃዋ የታጠበ ሞተርሆም ማገሯ እንደ ራሰ ዳቦ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አሮጌ ከሆነች ግድግዳዋን ከፍቶ ማስጠገኑ ከራሷ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ምርመራው በአፍንጫ ይጀምራል። በሩ እንደተከፈተ የሻጋታ ሽታ ከመጣ፣ ወይም የመኪና ሽቶ ያለልክ ተሰቅሎ ከተገኘ፣ መጠርጠር ነው። ቀጥሎ አውራ ጣት ይሥራ፦ ከመስኮት በታች፣ በጣሪያው ክፍት ዙሪያ፣ በቁም ሳጥኖቹ ውስጥ ባሉ ማዕዘኖች፣ በበሩ ደፍ አጠገብ ባለው ወለል። ሲጫኑት የሚሰረጉድ ቦታ ካለ ውስጡ በስብሷል። የእንጨት እርጥበት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ይዞ መሄድም ያዋጣል። ብዙ ፋብሪካዎች ውሃ አለማስገባቷ በየዓመቱ እንዲፈተሽ ስለሚጠይቁ፣ ማኅተም የተመታበት የፍተሻ ደብተር ያለው ሻጭ ከሌሎቹ ይመረጣል። ከተቻለ ደግሞ ዝናብ በሚጥልበት ቀን ሄዶ ማየት ነው።

የቤት ዕቃውም ተራውን ይጠብቃል። ለምድጃውና ለማሞቂያው የሚሆነው ጋዝ በየ2 ዓመቱ ተፈትሾ ይመዘገባል፤ ወረቀቱ ይታይ። ፍሪጁ አብዛኛውን ጊዜ በጋዝ፣ በባትሪና በመስመር ኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ለመቀዝቀዝ ሰዓታት ስለሚወስድ፣ ሻጩ ከዋዜማው ጀምሮ እንዲያበራው መጠየቅ ያስፈልጋል። ባትሪውም ሁለት ነው፤ አንዱ ለሞተር፣ ሌላው ለቤት።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ክብደቷን ነው። በተራው የቢ ምድብ መንጃ ፈቃድ ለመንዳት ከነጭነቷ የተፈቀደላት ክብደት ከ3,500 ኪሎ መብለጥ የለበትም። ለምሳሌ ሹፌሯንና ነዳጇን ይዛ 3,080 ኪሎ የምትመዝን ብትሆን የሚተርፋት 420 ነው። እያንዳንዳቸው 75 ኪሎ የሆኑ ሦስት ሰዎች ሲገቡ 195 ይቀራል። ውሃው 100 ሊትር ከሞላ 95 ብቻ። ከዚህ ላይ ልብሱ፣ ድስቱ፣ ብስክሌቱ ይቀነሳል። አራት መኝታ አላት ማለት አራት ሰው ከነጓዙ ትችላለች ማለት አይደለም።

የምዝገባ ወረቀቷ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ መኪናዋ ውስጥ የሚያዝ ነው፤ ሁለተኛው እንደ ሊብሬ የባለቤትነት ሰነድ ሆኖ ያገለግላል። ሊብሬው ሳይታይ፣ ሻንሲ ቁጥሩም ሳይመሳከር ብር አይከፈልም። ጀርመን ውስጥ አድራሻ የሌለው ገዢ በስሙ ለማስመዝገብ ደብዳቤ የሚቀበልለት፣ እዚያ የሚኖር ተወካይ ያስፈልገዋል። ፍራንክፈርት ዘመድ ካለ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው፤ የቅጣት ወረቀቱም በእሱ አድራሻ እንደሚመጣ ግን አስቀድሞ ይነገረው። መኪናዋን ከአገር ይዞ ለመውጣት ኢንሹራንስ ያለው፣ በቀኙ ቀይ መስመር ላይ ማብቂያ ቀኑ የተጻፈ የኤክስፖርት ታርጋ ይወጣል። ቢጫ መስመር ያለው የ5 ቀን ታርጋ ለረጅም ጉዞ አይሆንም።

ለመኪናዋ ወረቀት ማግኘት ለሹፌሩ አይበቃም። የአውሮፓ ነዋሪ ያልሆነ ጎብኚ በሸንገን አገሮች የሚቆየው በየ180 ቀኑ 90 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ረጅም ጉዞ ያሰበ ወደ አልባኒያ፣ ቱርክ ወይም ሞሮኮ እየወጣ መመለስን ያቅዳል፤ ኢንሹራንሱ እዚያም መሥራቱን አስቀድሞ ያጣራል። ወደ ኢትዮጵያ ይዣት እገባለሁ ማለት ግን አያዋጣም፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎችን ማስገባት ተከልክሏል።

መጨረሻዋ እንግዲህ መሸጥ ነው፤ በበልግ ወር፣ ዋጋ በወጣበት ጊዜ። ያን ቀን ደረሰኙና የፍተሻ ደብተሩ በእጅ ይሁን። ከመስኮቱ በታች በአውራ ጣቱ የሚጫነው ሌላ ሰው ነውና።