ባለቤቱ የማይታወቅ "ክላሲካል"

ዜማውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ነቀምቴ ውስጥ ምሳ ልንበላ ስንገባ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መኪና ውስጥ፣ በሠርግ አዳራሽ ሙሽሮቹ እስኪገቡ ስንጠብቅ ሰምተነዋል። ኦርጋኑ ይጀምራል፤ ትራምፔቱና ሳክስፎኑ ተከትለው ይገባሉ። የሚዘፍን ሰው ግን የለም። "ይሄ የማን ነው?" ብለው ቢጠይቁ "ክላሲካል ነዋ!" የሚል መልስ ያገኛሉ። በእኛ አገር ክላሲካል ማለት ቤትሆቨን አይደለም፤ ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ሁሉ ክላሲካል ነው።

እኔ የገበያ ባለሙያ ነኝ። የምከፈለው የአንድ ዕቃ ስም በሰው አእምሮ ውስጥ እንዲቀመጥ ለማድረግ ነው። ሁሉም ሰው የሚያንጎራጉረው፣ ባለቤቱን ግን ማንም የማይጠራው ዜማ ሳይ ታዲያ ሙያዬ አያስተኛኝም። ከተማችን ውስጥ በፍላሽና በስልክ ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭኑ ሱቆች አሉ። የዘፋኞቹ ሥራ በስማቸው ተለይቶ ተቀምጧል። "ክላሲካል" የሚለውን ፎልደር ሲከፍቱ ግን "ትራክ 01"፣ "ትራክ 02" እያለ ይቀጥላል። ባለፈው ወር ከነዚያ ቁጥሮች ጀርባ ያሉትን ሰዎች ፍለጋ ወጣሁ። ያገኘሁት የአንድ ባንድና የአንድ ሰው ታሪክ ነው፤ ዋልያስ ባንድና ኃይሉ መርጊያ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የውጭ ጸሐፊዎች ስለ ዋልያስ ሲጽፉ "ሳይኬደሊክ" የሚለውን መለያ ይለጥፉበታል። ቃሉ የመጣው በ1960ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካና በእንግሊዝ ከተነሣው የሮክ ሙዚቃ ነው። ኦርጋኑ እየተጥመዘመዘ ይሄዳል፤ ጊታሩ በፔዳል "ዋው ዋው" እያለ ያለቅሳል፤ አድማጩም በሰመመን ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ዶርስና ፒንክ ፍሎይድ በዚህ መንገድ የተጓዙ ናቸው። የዋልያስን ኦርጋን የሰማ ሰው መለያው ከየት እንደመጣ ይገባዋል፤ እኔ ግን ግማሽ ልብ ነው የምቀበለው። ከኦርጋኑ በታች ያለው ዜማ ትዝታ ነው፣ አምባሰል ነው፣ እናቶቻችን ቡና ሲያፈሉ የሚያንጎራጉሩት ነው።

ባንዱ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲቋቋም የንጉሡ ክብር ዘበኛም ሆነ ፖሊስ ሠራዊት አልነበረም ያቆመው። አባላቱ መሣሪያቸውን ራሳቸው የያዙ፣ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ የግል ባንድ ነበሩ። ኦርጋን ኃይሉ መርጊያ፣ ሳክስፎን ሞገስ ሀብቴ፣ ትራምፔት ዮሐንስ ተኮላ፣ ጊታር ማሕሙድ አማን፣ ቤዝ መላከ ገብሬ፣ ድራም ተማረ ሐረጉ። ፒያኖ የሚጫወተውና የሚያቀናብረው ግርማ በየነም ከእነሱ ጋር ነበር። ቤታቸው የአዲስ አበባው ሒልተን ሆቴል ሆነ። ደርግ የሰዓት እላፊ ሲያውጅ ማታ የገባ እንግዳ እስኪነጋ መውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። በ1975 የወጣው "ትዝታ" የተሰኘው ካሴታቸው የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ቀስ ያለ፣ የማይቸኩል፣ ሌሊቱ ረጅም መሆኑን የሚያውቅ ሙዚቃ ነው።

ሁለተኛው ግን ሌላ ነገር ነው። "ቼ በለው" በ1977 በካይፋ ሪከርድስ በሸክላ ታተመ። ዓመቱን ልብ ይበሉ፤ ቀይ ሽብር የነገሠበት ወቅት ነው። የዘፈን ግጥም በሳንሱር ዓይን በሚታይበት አገር ይህ ባንድ አንድም ቃል የማይናገር ሸክላ አወጣ። ሙላቱ አስታጥቄ በቪብራፎን አግዟቸዋል። "ሙዚቃዊ ስልት" የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ያ በየምግብ ቤቱ የምንሰማው፣ የግርማ በየነ ድርሰት። ቤዙ አንድ ሐረግ ይይዝና አይለቅም፤ ነፋሾቹ ከላይ መጥተው ይመቱታል፤ ኃይሉ ደግሞ በመሐል ገብቶ ኦርጋኑን እንደ ሰው ያናግረዋል። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ባንዶች ደጋግመው የሚጫወቱት የኢትዮጵያ ዜማ ቢኖር ይኸው ነው። በዚያው ሸክላ ላይ "እቲ ጓል ብሌናይ" የተባለ የትግርኛ ዜማ ከአማርኛዎቹ አጠገብ ተቀምጧል። ቃል ስለሌለ የትኛው የማን እንደሆነ ለይቶ የሚያወጣ የለም። ይህን ነጥብ ወደ ነቀምቴ ስመለስ አነሣዋለሁ።

በዓመቱ ኃይሉ ከሌላ ባንድ ጋር ካሴት አወጣ፤ ከዳህላክ ባንድ ጋር የተሠራው "ወደ ሐረር ጉዞ" ነው። ዳህላክ በግዮን ሆቴል ለወጣቱ ታዳሚ የሚጫወት ባንድ ነበር፤ ይህም ይሰማል። ለረጅም መንገድ የምመርጠው እሱን ነው።

ከዚያ የ1981 ጉዞ መጣ። ዋልያስ አሜሪካን የጎበኘ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የግል ባንድ ሆነ። ጉዞው ሲያበቃ ግን ግማሾቹ ተመለሱ፤ ኃይሉ፣ ሞገስ፣ መላከና ግርማ እዚያው ቀሩ። ፒንክ ፍሎይድ በ1968 መሥራቹን ሲድ ባሬትን ካጣ በኋላ ድምፁ እንደተቀየረ ይጻፋል። ዋልያስን ግን ለሁለት የከፈለው አገር የመመለስና ያለመመለስ ጥያቄ ነው። የቀሩት አራቱ ዙላ የተባለ ባንድ አቋቁመው ለጥቂት ዓመታት ተጫወቱ።

ከሁሉም አልበሞች የምወደው በ1985 የወጣው ነው፤ ርዕሱ "ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው" የሚል ትርጉም አለው። ያቺ "ክላሲካል" የምትለው ቃላችን እዚህም አለች! ኃይሉ አሁን ብቻውን ነው። ነፋሽ የለም፣ ቤዝ ተጫዋች የለም፣ ድራም መቺ የለም። በልጅነቱ የተማረውን አኮርዲዮን አነሣ፤ ከጎኑ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን አስቀመጠ። ሁሉንም ድምፅ ራሱ እየደራረበ ቀዳው። ድራም ማሽኑ እንደ ግድግዳ ሰዓት ቀጥ ብሎ ይመታል፤ አኮርዲዮኑ ከላይ ያዜማል። እኔ አኮርዲዮንን የማውቀው ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጋር ነው። "ሸሞንሟናዬ"ን በአኮርዲዮን መጀመሪያ ስሰማ ከየት እንደመጣ ያላወቅሁት የእሑድ ጠዋት ስሜት ወረረኝ። የስምንት ሰው ባንድ የነበረው ሰው ብቻውን ሲቀር የሚሰማው ድምፅ ምን ይመስላል ቢሉኝ ይህን ካሴት ነው የማስደምጥዎ። ሐዘን ነው እንዳልል ያስጨፍራል።

ከዚያ በኋላ ረጅም ዝምታ ነው። ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ ሹፌር ሆነ፤ ዋና ሥፍራውም ደለስ አየር ማረፊያ። ኪቦርድ ከታክሲው ሻንጣ ማስቀመጫ ውስጥ አይጠፋም። ወረፋ እየጠበቀ ሳለ አውጥቶ ይለማመዳል፤ ተሳፋሪ ሲመጣ መልሶ ይከታል። ግርማ በየነም በዚያው አገር ከሙዚቃ የራቀ ኑሮ ኖሯል። በእነዚያ ዓመታት "ሙዚቃዊ ስልት" በየቦታው ይጫወት ነበር።

ታሪኩ የተገለበጠው ባሕር ዳር ላይ ነው። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴት ሲያስስ ያንን የ1985 አልበም እዚያ አገኘው። ሰውዬው የአፍሪካ ካሴቶችን እንደገና የሚያሳትም ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የሚባል ድርጅት አለው። ኃይሉን አፈላልጎ ደወለለት፤ ተስማሙ፤ ካሴቱ በ2013 እንደገና ወጣ። "ቼ በለው" በ2014፣ "ወደ ሐረር ጉዞ" በ2016፣ "ትዝታ" በ2021 ተከተሉ። የታክሲ ሹፌሩ በስልሳዎቹ መጨረሻ ዕድሜው ወደ መድረክ ተመለሰ። በ2018 "ላላ በሉ"ን፣ በ2020 ደግሞ "የኔ ምርጫ"ን አዲስ ቀዳ። "ላላ በሉ" ላይ አብረውት ያሉት ሁለት አውስትራሊያውያን ናቸው፤ ቤዝና ድራም ብቻ። አልበሙ በረጅም ትዝታ ይከፈታል። የ1975ቱን "ትዝታ" ከዚህኛው ጋር አከታትለው ይስሙት። የመጀመሪያው እንግዳ የሞላበት ክፍል ነው፤ ሁለተኛው ወንበሮቹ የተነሡበት።

"የኔ ምርጫ" በወጣበት ዓመት መጀመሪያ ወራት በምዕራብና በቄለም ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ዓለም ኃይሉን በኢንተርኔት ሲያዳምጥ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ ያለው ሰው በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ነበር የሚቀባበለው። እነዚያን የፍላሽ ሱቆች አልኮንናቸውም፤ ያለ እነሱ ብዙ ሙዚቃ ወደ ከተሞቻችን ባልደረሰ። ከተማው ውስጥ አንዱን ባለሱቅ "ትራክ 03" በሚለው ቦታ "ሙዚቃዊ ስልት፣ ዋልያስ ባንድ" ብሎ እንዲጽፍ ለመንኩት። "ማን ይጠይቀኛል?" አለኝ። እየሳቀ ግን ጻፈው።

አሁን ወደ ቤታችን። የወለጋ ቤተሰብ ሙዚቃ መምረጥ እንዴት እንደሚያከራክር ያውቃል። እኛ ቤት አያቴ፣ ልጆቹ አኮ የሚሏት፣ ኦሮምኛ ካልሆነ አታዳምጥም። ባለቤቴ የድሮ አማርኛ ወዳድ ናት። ልጆቹ ከዩቲዩብ የለመዱትን እንግሊዝኛ ይላሉ። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ "ወደ ሐረር ጉዞ"ን ከፈትኩ። አኮ "ይህ የኛ ነው" አለች፤ የማን እንደሆነ አልነገርኳትም። ባለቤቴም የራሷን ዘፈን አገኘችበት፤ ቃሉን ከላይ እየጨመረች ዘፈነችው። የስድስት ዓመቷ ልጃችን ግን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ጠብቃ "አባ፣ መዝፈን የሚጀምረው መቼ ነው?" ብላ ጠየቀች። ሁሉም ይወደዋል ብዬ አልዋሽዎትም።

መሞከር ለሚፈልግ ቤተሰብ ምክሬ በዓመት ቅደም ተከተል እንዳይጀምሩ ነው። "ቼ በለው" ይቅደም፤ ልጆች የሚያውቁት ዜማ ስላለው። ለጉዞ፣ ከነቀምቴ በባኮና በአምቦ አድርገው አዲስ አበባ እስኪገቡ ያለውን 330 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ "ወደ ሐረር ጉዞ" ይመቻል። የ1985ቱን አኮርዲዮን ማታ ልጆች ሲተኙ ይክፈቱት። "ላላ በሉ" የመጨረሻው ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ብዙዎቻችን ቤት ከአልጋ ሥር ወይም ከቡፌው አናት ላይ የካሴት ካርቶን አለ። የወለጋ ሠርግና የኦሮምኛ ዘፈን የሞላባቸው፣ ኪቦርዱን ማን እንደተጫወተው የማናውቃቸው ካሴቶች። ቆራሌው በሩን ሲያንኳኳ ካርቶኑን ከመስጠትዎ በፊት ሽፋኖቹን ይገልብጧቸው። ከዘፋኙ ፎቶ ጀርባ፣ ከዋጋው በላይ፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፉ የተጫዋቾች ስሞች ይኖሩ ይሆናል። በስልክዎ ፎቶ ያንሷቸው።