ሳማና ሂስታሚን

በደጋ አገር በአጥር ጥግ ሲሮጥ ያደገ ልጅ ሳማ ምን እንደሆነ የሚያስረዳው ሰው አይፈልግም። ቅጠሉ ባቱን ነካ ሲያደርገው ይለበልበዋል፤ ቆዳው ቀልቶ አበጥ አበጥ ይላል፤ ከዚያ ማከክ ነው። ሲቀቀል ጉዳት የሌለው ወጥ የሚሆነው ይህ ተክል ጸጉር መሰል እሾሆቹ እንደ መርፌ ውስጣቸው ክፍት ነው። ጫፋቸው ሲሰበር ቆዳችን ውስጥ ከሚያፈሱት ነገር አንዱ ሂስታሚን ነው።

ሂስታሚን ግን ለገላችን ባዕድ አይደለም። ሰውነታችን ራሱ፣ ከምግብ ከምናገኘው ሂስቲዲን ከተባለ አሚኖ አሲድ ይሠራዋል። በቆዳ፣ በአፍንጫ፣ በሳንባና በአንጀት የሰፈሩ ማስት ሴል የሚባሉ ህዋሳት በጥቃቅን ከረጢት ቋጥረው ያስቀምጡታል። ጉዳት ሲደርስ ወይም ባዕድ ነገር ሲገባ ከረጢቱ ይፈታል። ያን ጊዜ ደቃቅ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ፈሳሽና ነጭ የደም ሴሎችም በግድግዳቸው ሾልከው ወደ ተጎዳው ቦታ ይደርሳሉ። መቅላቱና እብጠቱ መከላከያችን ሥራ ላይ መሆኑን ያሳያል።

አንዳንዴ ግን ይኸው መከላከያ ጉዳት የሌለውን ነገር እንደ ጠላት ይቆጥራል። የአውድማ አቧራ ማንንም ሊያስነጥስ ይችላል፤ አለርጂ ያለበትን ሰው ግን አቧራው ከጠፋም በኋላ ዓይኑን ያሳክከዋል፣ አፍንጫውን ያፈስሰዋል።

የሂስታሚን ሥራ በዚህ አያበቃም። ጨጓራ አሲድ እንዲያመነጭ ያዝዛል፤ አንጎልንም ነቅቶ እንዲቆይ ያደርጋል። ሂስታሚንን የሚያግዱት የመጀመሪያዎቹ የአለርጂ መድኃኒቶች ማሳከክን ሲያስታግሡ የጨጓራን አሲድ አልቀነሱም። ተመራማሪው ጄምስ ብላክ ይህን አይቶ ጨጓራ ላይ ያለው የሂስታሚን መቀበያ ሌላ ነው ብሎ ተነሣ፤ ከዚህ ጥናት የጨጓራ መድኃኒቱ ሲሜቲዲን ተገኘ፤ ብላክም በ1988 እ.ኤ.አ. ከኖቤል ተሸላሚዎች አንዱ ሆነ። እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉት የቆዩ የአለርጂ ክኒኖች ወደ አንጎልም ስለሚገቡ እንቅልፍ ያመጣሉ። ስለዚህ እነሱን የዋጠ ሰው መኪናም ሆነ የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር ባይነዳ ይሻላል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ሂስታሚን በመላ ሰውነት በአንዴ ሲለቀቅ ነው። ንብ የነደፈችው ወይም መርፌ የተወጋ ሰው ከንፈሩና ፊቱ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ራሱን ካዞረው የአለርጂ ክኒን ሰጥታችሁ አትጠብቁ። ነፍስ የሚያድነው የአድሬናሊን መርፌ ነውና ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።