ወሯ ለገባ እናት የተሠራ ቤት

ክረምት ገብቶ የባሮ ወንዝ ሲሞላ በጋምቤላ ክልል በላሬና በጅካዎ ወረዳዎች ብዙ ቀበሌዎች በውኃ ይከበባሉ። አምቡላንስ ቢጠራም ጎማው የሚረግጠው መሬት አያገኝም። ምጥ ደግሞ ውኃው እስኪጎድል አይጠብቅም።

በክልሉ በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ የሚሠራው የእናቶች ማቆያ የታሰበው ለዚህ ነው። መንደሯ የራቀባት ነፍሰ ጡር ወሯ ሲገባ፣ ምጡ ሳይመጣባት፣ ቀድማ መጥታ ትሰነብትበታለች። በአገራችን ቀድሞ ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ ጉራጌ ውስጥ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ነው። በኋላ መንግሥት አሠራሩን ወደ ጤና ጣቢያዎች አወረደው።

ቤቱ ሲያዩት ተራ ነው፦ አልጋ፣ አጎበር፣ ማብሰያ። አጎበሩን ግን አቅልለን አንየው። ጋምቤላ ወባ የሚበረታበት አገር ነው፤ ወባ የነፍሰ ጡሯን ደም ያሳንሳል፤ ደሟ ያነሰ ሴት ደግሞ ስትወልድ የሚፈሳትን ደም አትችለውም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ የደም መፍሰስ በ2 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። አዋላጇ ልጁ እንደተወለደ የምትወጋው ኦክሲቶሲን ይህን ይከላከላል፤ መድኃኒቱ የሚቀመጠው ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው። ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚደርስበት አገር መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ሲሞቅ የመድኃኒቱ ኃይል ይደክማል። ስለዚህ ጤና ጣቢያ በገባሁ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚፈልገው ፍሪጁን ነው።

በአገር አቀፍ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት ከ100ው 26 ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ከፍ ብለዋል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ መውለድ በነፃ ነው። ድሃዋን እናት ቤቷ የሚያስቀራት ሌላ ወጪ ነው። ሁለት ሳምንት ስትቆይ ልጆቿን ማን ያበላል? በቆሎዋን ማን ያርማል? አብራት የመጣችው አስታማሚስ ምን ትቀምሳለች? ቋንቋም አለ፤ ኑዌርኛ ወይም አኙዋክኛ የሚሰማት ሰው ካላገኘች ሕመሟን በእጅ ምልክት ልታስረዳ ነው።

ማብሰያው ውስጥ የበቆሎ ዱቄት ካለ እናቷ ወይም አማቷ አጠገቧ ሆና ገንፎ ታገነፋላታለች፤ እሷም ቀኗን ትጠብቃለች። ዱቄቱ ያለቀ ቀን ግን ጓዟን ጠቅልላ፣ አምቡላንስ የማይገባበትን መንገድ በእግሯ ወደ መንደሯ ትመለሳለች።