በረኪናና አሲድ አትቀላቅሉ! ለአብዛኛው የቤት ጽዳት ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል

በዓል ሲደርስ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ የሆነ ሐኪም የሚጠብቃቸው ታካሚዎች አሉ፤ ሽንኩርት ስትከትፍ እጇን የቆረጠች፣ የፈላ ዘይት የፈሰሰበት፣ ደግሞም ቤት ስታጸዳ ትንፋሽ ያጠራት። ዛሬ ስለ መጨረሻዋ ላውራችሁ።

አንድ የፋሲካ ዋዜማ በሰው ቤት የምትሠራ ወጣት ተደግፋ መጣች። ሳሉ አላናግር ብሏታል፣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ደረቷን ይዛለች። ሽንት ቤት ስታጥብ በረኪና ደፍታ አልነጣ ሲላት፣ እላዩ ላይ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጨመረችበት። ክፍሉ መስኮት የለውም። በሩንም ሽታው ሳሎን እንዳይገባ ብላ ዘግታዋለች። ኦክስጅንና በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጥተናት፣ አድራ ተሻላት። እኔን ያስደነገጠኝ ግን የአሠሪዋ ንግግር ነው፤ "ዶክተር፣ እኔም ሁልጊዜ እንደዛ ነው የማጥበው" አለችኝ።

በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በ1915 እ.ኤ.አ. በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቤልጅየም ውስጥ ወታደሮች ላይ የተለቀቀው ጋዝ ይኸው ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል፤ ጎንበስ ብሎ የሚፈትገው ሰው ፊት ላይ ማለት ነው። አቼቶና ሎሚም አሲድ ናቸው። በረኪናን አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ማደባለቅም ሌላ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ድንገት ከተቀላቀለባችሁ "አንዴ ውሃ ልልቀቅበት" ሳትሉ ወዲያው ውጡ። ዓይን ካቃጠለ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ እጠቡት። ሳሉ ካልቆመ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ አስም ያለበት ሰው ደግሞ ጭራሽ አይጠብቅ።

እውነቱን ለመናገር አብዛኛው የቤት ቆሻሻ ይሄን ሁሉ አይፈልግም። ሱቅ የሚሸጠው ቤኪንግ ሶዳ (ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፣ ተጠንቀቁ) ቅባት ያላቅቃል፣ ቀስ አድርጎ ይፈትጋል፣ ጎምዛዛ ሽታም ያጠፋል። እኔ ቤት የማደርገውን ልንገራችሁ። 3 እጅ ሶዳ በ1 እጅ ውሃ ለውሼ የምድጃው ቅባት ላይ ቀብቼ 20 ደቂቃ እተወዋለሁ፤ ከዚያ በእርጥብ ስፖንጅ ነው። ወጥ ላረረበት ድስት ውሃና 2 የሾርባ ማንኪያ ሶዳ ጨምሬ አፈላዋለሁ፣ ሲበርድ ያረረው በእንጨት ማንኪያ ይነሳል። ድስቱ አሉሚኒየም ከሆነ ግን ይቅርባችሁ፣ ያጠቁረዋል። የዶሮ ወጥና የሽንኩርት ሽታ ለያዘው ፍሪጅ በክፍት ኩባያ አስቀምጡበት። የሽንት ቤቱን መቀመጫም ሶዳ ነስንሳችሁ በብሩሽ ፈትጉት።

ብዙዎቻችሁ ሶዳና አቼቶ ደባልቃችሁ አረፋውን ስታዩ ደስ ይላችኋል። አይጎዳም፣ ግን አንዱ ሌላውን ስለሚያጠፋው የሚተርፈው ጨዋማ ውሃ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ለየብቻ ተጠቀሙባቸው።

አንድ ነገር ላስምርበት፤ ሶዳ ያጸዳል እንጂ ጀርም ይገድላል ብላችሁ አትመኑበት። ዶሮ የተገነጠለበትን መክተፊያ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ። ቤት ውስጥ ተቅማጥ ወይም ትውከት ያለበት ሰው ካለ ደግሞ በረኪና ያስፈልጋል። ያኔ መጀመሪያ በሳሙና አጥባችሁ አለቅልቁ፣ ቀጥሎ 4 የሻይ ማንኪያ በረኪና በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ፣ በርና መስኮት ከፍታችሁ፣ ብቻውን ተጠቀሙ።

በረኪናውን በሃይላንድ ጠርሙስ የምታስቀምጡ ደግሞ እባካችሁ ዛሬውኑ ቀይሩት። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል፤ አይቻለሁ። ከጠጣ እንዳታስመልሱት፣ ሲወጣ ጉሮሮውን ድጋሚ ያቃጥለዋል። አፉን በውሃ አጉመጥምጡት፣ ጠርሙሱን ያዙና ቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት።