የቀንድ አያያዝ፤ ከሜዳ የተለቀመ ቀንድ አደጋና የታረደ ከብት ቀንድ አጽድቶ በሳንቃ ላይ የመትከል ዘዴ

በሰቆጣ ዙሪያ ከሚገኙት ቀበሌዎች በአንዱ የተደራጁ የኅብረት ሥራ ማኅበር አባሎች አንድ ጆንያ ሙሉ ቀንድ ተሸክመው ወደ እኛ መጡ። ከውጭ አገር በመጣ የቀን መቁጠሪያ ላይ ቅርንጫፍ ያለው ቀንድ በተወለወለ ሳንቃ ላይ ተተክሎ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይተው ኖሮ፣ «ይህን የመሰለ ከራሳችን ከብት ቀንድ ሠርተን ለሻደይ እንግዳ ብንሸጥስ?» የሚል ሐሳብ አድሮባቸዋል። ቀንዱንም ከሜዳ፣ ከገደል ሥርና ከወንዝ ዳር ለቃቅመው ነው ያመጡት። ሐሳባቸው መልካም ነበር። ጆንያው ግን የሚያስፈራ ሆኖ አገኘነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነውም ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ሥራውንም አደጋውንም ለማስረዳት ነው።

የሚረግፍ ቀንድና የማይረግፍ ቀንድ

በመጀመሪያ በሥዕሉ ላይ የታየው ቀንድ ከእኛ ከብት ቀንድ ጋር አንድ እንዳልሆነ መገንዘብ ያስፈልጋል። በሰሜን አሜሪካ የሚኖረው ባለ ነጭ ጭራ አውሬና የአውሮፓ ዘመዶቹ የሚያበቅሉት ቀንድ ጠቅላላው አጥንት ነው። በየዓመቱ ይበቅላል፣ ሲያድግ ጸጉር ባለው ለስላሳ ቆዳ ተሸፍኖ ይቆያል፣ የድሪያው ወራት ካለፈ በኋላም በክረምታቸው ይረግፋል። ባለ ቀንዱ ወንዱ ብቻ ነው፤ በሰሜን ዋልታ አጠገብ ያለው የበረዶ አገር ዝርያ ብቻ ሴቷም ታበቅላለች። ስለዚህ በእነዚያ አገሮች ሰው ጫካ ገብቶ የረገፈ ቀንድ ለቅሞ ቢመለስ አውሬው በሕይወት አለ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሌላ ያበቅላል። ይህ የአውሬ ወገን ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ በተፈጥሮው አይገኝም። በመጻሕፍታችን አንዳንድ ጊዜ «አጋዘን» እየተባለ ቢተረጎምም፣ የእኛ አገር አጋዘን ባለ ጠማማ ቀንዱ ሌላ እንስሳ ነው፤ ቀንዱንም አይጥልም።

የበሬ፣ የበግ፣ የፍየል፣ እንዲሁም የአጋዘንና የዋልያ ቀንድ ሁለት ክፍል አለው። ውስጡ ከራስ ቅል የወጣ አጥንት ነው። ውጭው ከሰኮናና ከጥፍር ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ነገር የተሠራ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ከሥሩ እየጨመረ ዕድሜ ልክ ያድጋል እንጂ አይረግፍም። መኖ ባነሰበት ወቅት ዕድገቱ ስለሚዘገይ ክብ ምልክት ይተዋል፤ ሽማግሌዎቻችን የላምን ዕድሜ ከቀንዷ ቀለበት የሚገምቱት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ቢመስልም የጽሑፋችን ፍሬ ነው። በእኛ አገር ሜዳ ላይ ሙሉ ቀንድ ወድቆ ከተገኘ፣ አልፎ አልፎ በውጊያ ወይም በአደጋ ተነቅሎ ካልሆነ በስተቀር፣ እዚያ ቦታ እንስሳ ሞቷል ማለት ነው። መጠየቅ ያለበት ጥያቄም «ቀንዱ ያምራል ወይ?» ሳይሆን «ከብቱ በምን ሞተ?» የሚለው ነው።

የአባሰንጋ ነገር

በ1977 ዓ.ም. የነበረው ድርቅ በዋግ ምን ያህል ከብት እንደ ፈጀ የሚያስታውሱ አሁንም አሉ። በ2016 ዓ.ም. በሰሐላ፣ በዝቋላና በአበርገሌ በኩል በደረሰው ድርቅም ከብት አልቋል። በረሃብ የሞተው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ከብት ሣር ባጣ ጊዜ አፈሩን እየላሰ፣ አጭሩን ሣር ከነሥሩ እየነቀለ ስለሚግጥ፣ በአፈር ውስጥ የተቀመጠ የአባሰንጋ ዘር የሚያገኘው በእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ከሞተ በኋላ አንዱን ከሌላው በቀንዱ ለይቶ የሚያውቅ የለም።

የአባሰንጋ ተሕዋስ ከሬሳው ወጥቶ አየር ሲያገኝ ራሱን በጠንካራ ቅርፊት ሸፍኖ በዘር መልክ ይቀመጣል። ይህን ሮበርት ኮህ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1876 አስረድቷል። ዘሩ በአፈር፣ በቆዳ፣ በጸጉር፣ በአጥንትና በቀንድ ላይ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ ግሩናርድ በምትባል የስኮትላንድ ደሴት ላይ ይህን ዘር ለጦር መሣሪያ ሞክረውት ነበር፤ ደሴቲቱ ተጠርጋ ለሰው ደኅና ናት የተባለችው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። በዚያው አገር ባለፈው መቶ ዓመት በፊት በብራድፎርድ ከተማ ከውጭ የመጣ ሱፍና የፍየል ጸጉር የሚለዩ ሠራተኞች አቧራውን እየሳቡ በሳምባ ሲሞቱ፣ በሽታው «የሱፍ ለቃሚዎች በሽታ» ተባለ። ቀንድ በመጋዝ ሲቆረጥና በሞረድ ሲሞረድ የሚነሣው አቧራም ከዚያ የተለየ አይደለም።

«ብንቀቅለውስ?» ተብለን ተጠይቀናል። ረዘም ላለ ጊዜ መፍላት ዘሩን ሊገድል ይችላል። ሰው ላይ አደጋ የሚደርሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ድስቱ ሳይጣድ ነው፤ በመልቀም፣ በመሸከም፣ በተቧጨረ እጅ በመያዝና ቤት ውስጥ በማስቀመጥ። ስለዚህ ምክራችን አንድ ነው፤ አሟሟቱ ያልታወቀ ከብት ቀንድ አይነካ።

በድንገት የሞተ፣ ፈጥኖ የተነፋ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ጥቁርና የማይረጋ ደም የወጣ፣ ሬሳው ሳይደርቅ እንደ ላላ የቀረ ከብት ከታየ፣ ቆዳውን መግፈፍም ቀንዱን መቁረጥም ፈጽሞ አይገባም። የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ተጠርቶ፣ በእርሱ ትእዛዝ እዚያው ቦታ እንዲቃጠል ወይም በጥልቅ ጉድጓድ፣ ወደ ሁለት ሜትር ገደማ፣ እንዲቀበር ማድረግ ነው። በእጁ ወይም በፊቱ ላይ የማያምና መካከሉ የጠቆረ፣ ዙሪያው ያበጠ ቁስል የወጣበት ሰው ካለ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። በጊዜ ከተደረሰበት በፔኒሲሊንና በመሰሉ መድኃኒቶች ይድናል። ከብቱን አስቀድሞ የሚጠብቀው ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚመረተው ክትባት ሲሆን፣ በየዓመቱ መደገም አለበት።

ያንን ጆንያ ለእንስሳት ጤና ባለሙያው አስረከብን። አባሎቹ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው ልብሳቸውን አፍልተው እንዲያጥቡ ነገርናቸው። ሁለት ቀን ለቅመው ስለ ነበር ቅር ተሰኝተዋል፤ አንፈርድባቸውም።

የዱር እንስሳ ቀንድን በሚመለከት ብዙ ማለት አያሻንም። የዋልያ ቀንድ ቀድሞ ለመጠጥ ዋንጫ ሲባል ይፈለግ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ ዋልያው ዛሬ ከስሜን ተራሮች በቀር በሌላ ዓለም የማይገኝ ሆኖ እንዲቀር ካደረጉት ነገሮች አንዱም አደን ነው። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳን ቀንድ ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም ያስቀጣል። ወድቆ ተገኘ ማለት ምክንያት አይሆንም። ማኅበራት በዕቃቸው መካከል አንድም የዱር ቀንድ እንዳይቀላቀል ይጠንቀቁ።

ከታረደ ከብት ቀንድ

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ቀንድ በአገራችን ባዕድ ዕቃ አይደለም። ዋንጫው፣ የዋግምት ቀንዱ፣ የሚነፋው ቀንድ ሁሉ የአባቶቻችን እጅ ሥራ ነው። አሁን የሚጨመረው በሳንቃ መትከሉ ብቻ ነው።

ቀንዱ የሚሰበሰበው ቆሞ ሲሄድ ከታየ፣ በባለሙያ ተመርምሮ ከታረደ ከብት ነው። የተቀጠቀጠ በሬ ቀንድ ከኮርማ ቀንድ ይልቅ ረዥም ስለሚሆን ለግድግዳ ያምራል። በፍየልና በበግ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ የሙክት ቀንድ ከወጠጤ ቀንድ ይቀጥናል። ስለዚህ የአበርገሌ ፍየል ከሆነ የጎለመሰ ወጠጤ ይመረጥ።

ሁለቱ ቀንዶች ሳይለያዩ እንዲተከሉ ከተፈለገ፣ ከቀንዶቹ በስተኋላ ተጀምሮ በዓይኖቹ ጉድጓድ ላይኛ ጠርዝ በኩል በመጋዝ ይቆረጣል። ቀንዶቹን የያዘ የራስ ቅል ቁራጭ ይቀራል። ቆዳው፣ ሥጋውና አንጎሉ በደንብ ይፋቃል። ቀጥሎ ሽፋኑን ከውስጥ አጥንቱ ማላቀቅ ነው። ለዚህም ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከቤትና ከምንጭ ርቆ በተቀመጠ በርሜል ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ መተው ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ሥጋ በስብሶ ይላቀቃል። በቆላው በሦስት ሳምንት ገደማ ሲደርስ፣ በሰቆጣ ብርድ ግን ስድስት ሳምንትም ሊፈጅ ይችላል። ሽታው ከባድ ነው፤ ቀንዱ ግን አይጎዳም። ሁለተኛው መቀቀል ነው። የፍየል ቀንድ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ የበሬ ቀንድ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይበቃዋል። በወፍራም ጨርቅ ይዞ ማዞር፣ እምቢ ካለ ሥሩን በእንጨት መታ መታ ማድረግ፣ ካልሆነም እንደገና ለጥቂት ደቂቃ መመለስ ነው። ከመጠን በላይ የተቀቀለ ቀንድ ይለሰልሳል፣ ቅርፁን ያጣል፣ ወዙም ይጠፋል።

የተላቀቀው ሽፋን ክፍቱ እንዳይጨመደድ ደረቅ ጨርቅ ወይም በልኩ የተጠረበ እንጨት ተወትፎበት በጥላ ሥር ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይደርቃል። በጥላ ማለታችን በምክንያት ነው። እኛ ራሳችን ቸኩለን የመጀመሪያዎቹን ቀንዶች ቆርቆሮ ጣራ ላይ አሰጣናቸው፤ በሦስተኛው ቀን ከአፍ እስከ ወገባቸው ተሰነጠቁ። የራስ ቅሉና የውስጡ አጥንት ግን ፀሐይ ቢመታቸው ይነጣሉ እንጂ አይጎዱም። ለማንጣት ብሎ በረኪና መጨመር አጥንቱን ያፈረፍረዋል።

ሲደርቅ የላዩን ቅርፊት በጠርሙስ ስባሪ ወይም በቢላ ጀርባ ወደ ጫፉ አቅጣጫ መፋቅ፣ ከዚያም በ120፣ በ240ና በመጨረሻ በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው። ቀንዱ በውኃ እየረጠበ ይሠራ፤ አቧራው እንዳይነሣ ይረዳል። አፍና አፍንጫም በጨርቅ ይሸፈን። የተነፋ አመድ በእርጥብ ጨርቅ ተነክሮ ቢታሽበት ብርጭቆ የመሰለ ወዝ ያወጣል። ከዚያም ሰም፣ በዋግ የማይጠፋ ነገር ነው፣ በሌላ ዕቃ በሚፈላ ውኃ ላይ ቀልጦ ከተልባ ዘይት ጋር ተደባልቆ በስሱ ይቀባል። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ግሎ እሳት ሊነሣ ስለሚችል ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ ይጣል።

ሳንቃው ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው። ለፍየል 20 በ25፣ ለበሬ 30 በ35 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ለዚህ ሲባል የቆመ ወይራ ወይም ጥድ አይቆረጥ። ተሰብሮ የተጣለ ሞፈርና ቀንበር በየጓሮው አለ፤ ሲሰነጠቅና ሲላግ ውስጡ የሚያምር እንጨት ነው፤ ገዥም ታሪኩን ሲሰማ ይወደዋል። ሽፋኑ በውስጥ አጥንቱ ላይ ተመልሶ በኮላ ይያዛል፤ ክፍተት ካለ በጄሶ ይሞላል። የራስ ቅሉ አስቀድሞ በቀጭን መሰርሰሪያ ይበሳ፤ ያለዚያ ብሎኑ ይሰነጥቀዋል። ብሎኑ ከሳንቃው ጀርባ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ይግባ። የበሬ ቀንድ ከባድ ስለሆነ በጭቃ ቤት ልስን ላይ በሚስማር አይሰቀል፤ ከምሰሶ ወይም ከማገር ላይ በወፍራም ሽቦ ሁለት ቦታ ይታሰር።

ቀንድን የሚበላ ብል አለ፤ ትሉ በቀንዱ ላይ እንደ ጭቃ ቱቦ ያለ ነገር ሠርቶ ይገኛል። የቆዳ ጥንዚዛም ሥጋ በቀረበት ስንጥቅ ይራባል። ስለዚህ በየጊዜው እየወረደ ይወልወል፤ ቀዳዳ ከታየበት ከሌሎቹ ይለይ።

ከመጋዝና ከሞረድ የሚወድቀውን ፍርፋሪ አትጣሉ። የቀንድ ዱቄት በመቶ ከ12 እስከ 14 ናይትሮጂን ስላለው፣ ቀስ ብሎ የሚለቅ ማዳበሪያ ሆኖ ለጓሮ ሽንኩርትና ለጎመን ይረዳል። ይህም ቢሆን ምንጩ ከታወቀ ቀንድ ብቻ ነው፤ ለከብት መኖም አይደባለቅ።

ጊዜውን በሚመለከት፣ ቀንድ በብዛት የሚገኘው በፋሲካ ዕርድ ነው። በሚያዝያ የተዘፈዘፈ ቀንድ በሰኔ ደርቆ በሐምሌ ይለሰልሳል፤ ሻደይ ነሐሴ 16 ቀን ሲገባም ሰቆጣ ለሚመጣው እንግዳ ይደርሳል። ማኅበሩ አንድ መዝገብ ይክፈት። በእያንዳንዱ ሳንቃ ጀርባ ቁጥር ይጻፍ፤ በመዝገቡም ላይ ከብቱ የታረደበት ቀን፣ ቦታው፣ ባለቤቱና የመረመረው ባለሙያ ይመዝገብ። ቁጥር የሌለው ቀንድ ወደ መሥሪያ ቤቱ እንዳይገባ የሚከለክል አንድ ሰው ከአባሎቹ መካከል ይመደብ፤ ይህም ሰው መጋዝ ከሚይዘው ሰው የተለየ ቢሆን እንመርጣለን።